አይጧን ያጀገነው፣ ሰውን ያላጽናናው

አንዲት አይጥ ናት። ክብደቷ ከ30 ግራም አይበልጥም። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተሠራ፣ የመስቀል ቅርጽ ባለው ጠባብ መተላለፊያ መሐል ላይ ትቀመጣለች። ከአራቱ ክንፎች ሁለቱ ግራና ቀኛቸው በግድግዳ የተከለለ ነው። ሁለቱ ግን ክፍት ናቸው፤ ጫፋቸው ለአይጥ ገደል ነው። ሰዓት ይያዛል፣ አምስት ደቂቃ። ጤነኛ አይጥ የምታደርገው የታወቀ ነው፦ ወደ ተከለለው ትሮጣለች፣ እዚያ ታደፍጣለች፣ አልፎ አልፎ አንገቷን ብቅ አድርጋ ገደሉን ታያለች፣ ትመለሳለች።

በ1998 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሁለት ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ያሉ አይጦች ግን እንደዚያ አላደረጉም። አንዱ ቤተ ሙከራ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ የሚገኘው የሶልክ ተቋም ነው። ሌላው በጀርመን ሙኒክ ያለው የማክስ ፕላንክ የሥነ አእምሮ ተቋም። ሁለቱ ቡድኖች ለየብቻቸው አንድ ዓይነት ነገር አድርገው ነበር፦ በአይጦቹ አካል ውስጥ አንድ ፕሮቲን እንዳይሠራ፣ ፕሮቲኑን የሚያዝዘውን ዘረ መል ከሥር ነቅለዋል። እነዚህ አይጦች ወደ ክፍቱ ክንፍ ወጡ። ብርሃን ባለበት ቆዩ። ያላዩትን ቦታ ለማሰስ አላመነቱም።

ዜናው ከቤተ ሙከራ አልፎ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ስብሰባ አዳራሽ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የጭንቀት ቁልፍ ተገኘ ተባለ። ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ታሪክ፣ በአይጥ ላይ እውነት የሆነ ነገር በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከአይጧ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ከሞንትሪያል እስከ ቄራ

በ1936 በካናዳ ሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሐንስ ሴልዬ የተባለ ወጣት ሐኪም «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ደብዳቤ አሳተመ። ትልልቆቹን የቤተ ሙከራ አይጦች በብርድ፣ በቁስል፣ በመርዝ፣ ከአቅም በላይ በሆነ ድካም ሲፈትናቸው፣ መከራው ቢለያይም የሰውነታቸው ምላሽ አንድ ሆኖ አገኘው። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ያብጣል፣ ጨጓራ ይቆስላል፣ ለሰውነት መከላከያ የሚያገለግለው ታይመስ የተባለው ዕጢ ይኮሰምናል። ሴልዬ ይህን ምላሽ ኋላ ላይ «ስትረስ» ብሎ ጠራው፤ ቃሉም ዓለምን አዳረሰ።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ልብ ማለት ይጠቅማል። አማርኛ «ጭንቀት» ሲል ሰውነት ላይ የሚወርደውንም ጫና፣ በልብ ውስጥ የሚብላላውንም ፍርሃት አንድ ላይ ይጠራል። ሳይንቲስቶቹ ሁለቱን በተለያየ ቃል ቢጠሩም፣ በሥራቸው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳያውቁት ከአንዱ ወደ ሌላው ተንሸራተዋል።

አድሬናል ዕጢን የሚያዝዘው ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለው ፒቱታሪ ዕጢ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ፒቱታሪን ማን ያዝዘዋል? መልሱ ከላዩ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ ነው የሚል ግምት ነበረ፤ ትእዛዙ የሚተላለፍበት ንጥረ ነገር ግን አልተያዘም። በ1955 ሁለት ቡድኖች ንጥረ ነገሩ በእርግጥ እንዳለ አሳዩ። በአንደኛው ውስጥ ሮዤ ጊይመን ነበረ፤ ሞንትሪያል ውስጥ በሴልዬ ሥር የተማረ ፈረንሳዊ። በሌላው ውስጥ በትውልድ ፖላንዳዊ የሆነው አንድሩ ሻሊ ነበረ፤ እሱም ያኔ ማክጊል ነው የሚሠራው። ንጥረ ነገሩ ኮርቲኮትሮፒንን የሚያስለቅቅ ተባለ፤ በአጭሩ ሲ.አር.ኤፍ።

መኖሩን ማሳየት ሌላ፣ በእጅ መያዝ ሌላ። ጊይመንና ሻሊ ለተወሰኑ ዓመታት አብረው ሠርተው ተጣሉና ተለያዩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፉክክራቸው በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት መራራ ፉክክሮች አንዱ ነው። አንዱ የበግ፣ ሌላው የአሳማ አንጎል በመቶ ሺዎች ከቄራ እያስመጡ ፈጩ፣ አጣሩ። ሁለቱም ሌሎች የሃይፖታላመስ ንጥረ ነገሮችን አግኝተው በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። መጀመሪያ የተነሡለት ሲ.አር.ኤፍ ግን ከሁለቱም እጅ አመለጠ።

የያዘው የጊይመን ተማሪ የነበረው ዋይሊ ቬል ነው። ቬል ከመምህሩ ተለይቶ እዚያው ሶልክ ተቋም ውስጥ የራሱን ቤተ ሙከራ ከፍቶ ነበር። በ1981 ከባልደረቦቹ ጋር፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ከሚጠጋ የበግ ሃይፖታላመስ ተጣርቶ የወጣውን ንጥረ ነገር ቅንብር ይፋ አደረገ፦ 41 አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰኩበት አጭር የፕሮቲን ክር። ከ1955 እስከ 1981 ሲቆጠር 26 ዓመት ነው። አንድ ትውልድ።

ከዕጢ ወደ ስሜት

እስከዚህ ድረስ ያለው የዕጢ ታሪክ ነው፤ ስለ ሐዘንና ስለ ፍርሃት የሚናገር አንድም ነገር የለበትም። መታጠፊያው የመጣው በ1982 ነው። ጆርጅ ኩብ የነበረበት ቡድን ሲ.አር.ኤፍን በቀጥታ ወደ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲሰጥ፣ እንስሳዋ በለመደችው ቤቷ ውስጥ ከሆነች ንቁ ትሆናለች፤ እንግዳ ቦታ ስትገባ ግን ትሸማቀቃለች። ይህ የሆነው በአድሬናል በኩል ዞሮ እንዳይሆን ተጠረጠረ፤ ኋላ ፒቱታሪያቸው በወጣላቸው እንስሳት ላይም ውጤቱ ታየ። ስለዚህ ንጥረ ነገሩ ለዕጢ ትእዛዝ ማስተላለፍ ብቻ ሳይሆን በአንጎል ውስጥም የራሱ ሥራ አለው ማለት ነው። ካርታ ሲሠራለትም ፍርሃትን በሚያስተናግደው አሚግዳላ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ተገኘ።

ከዚያ በ1984 ቻርልስ ኔመሮፍና ባልደረቦቹ፣ በድባቴ በተያዙ ሰዎች የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የሲ.አር.ኤፍ መጠን ከጤነኞቹ ከፍ ብሎ እንዳገኙ «ሳይንስ» ላይ ጻፉ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ራሳቸውን ባጠፉ ሰዎች አንጎል ላይ የተደረገ ምርመራ፣ ንጥረ ነገሩ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ቁጥር ማነሱን አሳየ። ማብራሪያው ለአእምሮ የሚመች ነበር፦ ሲ.አር.ኤፍ ከመጠን በላይ ሲጎርፍ ተቀባዮቹ ይቀንሳሉ፤ እንደ ጮክ ያለ ጎረቤት በር እንደሚዘጉበት።

አሁን ሰንሰለቱ ሙሉ መሰለ። በእንስሳ ላይ ሲጨመር ፍርሃት ያመጣል። በታማሚ ሰው ላይ በዝቶ ይገኛል። የቀረው ማገድ ነው።

ለማገድ ተቀባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1993 የመጀመሪያው ተቀባይ ፕሮቲን ዘረ መል ተለየ፤ በ1995 ሁለተኛው ተከተለ። ቬልም በ1992 ኒውሮክራይን ባዮሳይንስስ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ሲ.አር.ኤፍ እንዲበዛባቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች ፈሪ ሆኑ። ከዚያ የ1998 አይጦች መጡ፣ አንደኛው ተቀባይ የሌላቸው፤ እነሱ ደፋር ሆኑ። ሲጨመር ፍርሃት፣ ሲነቀል ድፍረት። በሥነ ሕይወት እንዲህ ያለ የተስተካከለ ውጤት አይበዛም፤ የሰዎቹ ደስታ የሚያስወቅስ አይደለም።

የሶልኩ ጽሑፍ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ነበረ፣ ያኔ ብዙ ያልተወራለት። ተቀባዩ የሌላቸው አይጦች አድሬናል ዕጢያቸው በወጉ አላደገም፤ ደማቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን አነስተኛ ነበር። ሁለቱም ወላጆች ተቀባዩ ከሌላቸው፣ ግልገሎቹ ሳንባቸው ሳይዳብር ተወልደው በ48 ሰዓት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ዓለም ያየው ገደሉ ላይ የወጣችውን አይጥ ነው። ስለ ዕጢው የተነገረው በጽሑፉ ውስጥ ተቀምጦ ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቀ።

መለኪያው ከየት መጣ?

ይህን ታሪክ ለመረዳት የአይጥ «ጭንቀት» እና የአይጥ «ድባቴ» የሚለካበት ዘዴ ከየት እንደመጣ ማየት የግድ ነው። ብዙ ሰው ሳይንቲስቶች መጀመሪያ በአይጥ ፈትነው፣ ከዚያ ወደ ሰው የሚሄዱ ይመስለዋል። በድባቴ መድኃኒት ታሪክ ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው።

አይፕሮኒያዚድ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሆኖ በ1952 ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ባለ ሆስፒታል ሲሞከር፣ ታማሚዎቹ ከመጠን በላይ ደስተኛ ሆኑ። ኢሚፕራሚን ለስኪዞፍሬኒያ ታስቦ የመጣ ነበር፤ ስዊዘርላንዳዊው ሮላንድ ኩን ለዚያ እንደማይሆን፣ ለድባቴ ግን እንደሚሠራ አስተውሎ በ1957 ጻፈ። ሁለቱም የተገኙት ሰው በማየት ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። አይጥ አልነበረችበትም።

አይጧ የመጣችው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በ1977 ፓሪስ ውስጥ የሚሠራው ሮጀር ፖርሶልት አይጦችን መውጫ በሌለው የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ ይፍጨረጨራሉ። ቆይተው ዝም ይላሉ፤ አፍንጫቸው ከውኃው በላይ እንዲሆን የሚበቃቸውን ያህል ብቻ እየተንቀሳቀሱ ይንሳፈፋሉ። በሰው ላይ የሚሠሩት የድባቴ መድኃኒቶች አስቀድመው ከተሰጧቸው ግን መፍጨርጨሩን ያራዝሙታል። ለትንሿ አይጥ ፈተናው ስድስት ደቂቃ ነው፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው አራት ደቂቃ። ፖርሶልት ለዝምታው ስም አወጣለት፦ «የባሕርይ ተስፋ መቁረጥ»።

የመስቀሉ መተላለፊያም እንዲሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለጭንቀት መለኪያነት የተመሰከረለት እንደ ዲያዜፓም ያሉ፣ በሰው ላይ የታወቁ የማረጋጊያ መድኃኒቶች አይጦችን ወደ ክፍቱ ክንፍ ስላወጧቸው ነው።

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይላል ተረቱ። መድኃኒቱ ለፈተናው መሰከረ፤ ከዚያ ፈተናው ለመድኃኒት መስካሪ ሆነ። እንዲህ ያለ ፈተና የድሮዎቹን መድኃኒቶች የሚመስል አዲስ መድኃኒት ለመለየት ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ፍጹም በሌላ መንገድ የሚሠራ ነገር ሲመጣለት ግን ፍርዱ ምን ያህል ይታመናል? በእርግጥ የሲ.አር.ኤፍ አጋጆች በእነዚህ ፈተናዎች ላይ ያመጡት ውጤት ወጥ አልነበረም። ቀድሞ ጫና በደረሰባቸው እንስሳት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ባልተነኩት ላይ ይደክማል። ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሌሎችም ማስጠንቀቂያዎች ነበሩ። በ1999 ጆን ክራብ፣ ዳግላስ ዋልስተንና ብሩስ ዱዴክ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ፦ አንድ ዓይነት አይጥ፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት ይዘን በሦስት ከተሞች ብንፈትን ውጤቱ አንድ ይሆናል? ኤድመንተን፣ ፖርትላንድና አልባኒ ላይ ፈተኑ። መሣሪያውን፣ የአይጦቹን ዕድሜ፣ ፈተናው የሚጀመርበትን ሰዓት ሳይቀር አመሳሰሉ። እንደዚያም ሆኖ በመስቀሉ መተላለፊያ ላይ የተገኘው ውጤት ከከተማ ከተማ ተለያየ። ኤድመንተን ላይ ፈታኟ የአይጥ አለርጂ ስለነበረባት ፊቷን የሚሸፍን የአየር ማጣሪያ አድርጋ ነው የሠራችው፤ አይጦቹ ይህን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው የሚነግር የለም። በ2014 ደግሞ እዚያው በሴልዬ ዩኒቨርሲቲ በማክጊል፣ የወንድ ፈታኝ ጠረን ብቻውን የቤተ ሙከራ አይጦችን እንደሚያስጨንቅ ተገኘ። የሴት ጠረን አያስጨንቃቸውም።

በ2000 ሁለተኛው የሲ.አር.ኤፍ ተቀባይ የተነቀለባቸውን አይጦች ሦስት ቡድኖች በአንድ መጽሔት፣ በአንድ ጊዜ አቀረቡ። ሁለቱ ጭንቀት ጨመረ አሉ፤ አንደኛው በወንዶቹ አይጦች ላይ ብቻ። ሦስተኛው ለውጥ አላየሁም አለ። አንድ ፕሮቲን፣ አንድ ዓመት፣ ሦስት መልስ።

ሰው ሲመጣ

በዚሁ በ2000 ሙኒክ ላይ የሰው ሙከራ ውጤት ወጣ። የማክስ ፕላንኩ ኃላፊ ፍሎሪያን ሆልስቦር ቡድን፣ አር121919 የተባለውን አጋጅ ከባድ ድባቴ ላለባቸው 20 ታማሚዎች ሰጠ። ጭንቀታቸውም ድባቴያቸውም ቀነሰ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተባባሰ። በሳይንሱ ሰፈር የነበረውን ስሜት መገመት አያዳግትም፤ ከበግ ቄራ እስከ ታማሚ አልጋ ያለው መንገድ የተጠናቀቀ ይመስላል።

ግን በሙከራው ውስጥ ባዶ ክኒን የወሰደ ሰው አልነበረም። ሁሉም መድኃኒቱን ይወስዱ ነበር፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። የድባቴ ታማሚ ሆስፒታል ገብቶ፣ ሐኪም በየቀኑ እየጠየቀው፣ አዲስ መድኃኒት እንደሚወስድ ሲያውቅ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ነው። ይህ መድኃኒት ደግሞ በሌላ ሙከራ የጤነኛ ፈቃደኞችን የጉበት ምርመራ ስላዛባ ቆመ።

ሌሎች አጋጆች ተከተሉ፤ አሁን በትክክለኛው መንገድ፣ ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደወሰደ በማያውቁበት ሙከራ። ፋይዘር ሲፒ-316,311 የተባለውን ከባዶ ክኒንና ከተለመደው ሰርትራሊን ጋር ለስድስት ሳምንት አወዳደረ፤ በመሐል በተደረገው ግምገማ ተስፋ የለውም ተብሎ ሙከራው ተቋረጠ። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ፔክሳሰርፎንትን የማያባራ ጭንቀት ባለባቸው 260 ሰዎች ላይ ሞከረ፤ በ2010 የታተመው ውጤት ከባዶ ክኒን የተለየ አልነበረም። ግላክሶስሚዝክላይን የያዘው ቬሩሰርፎንትም በድባቴ ላይ ወደቀ። ከመከራ በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ጠባሳ በሚሠቃዩ 128 ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2017 የወጣው ውጤትም ያው ነው። የአልኮል ሱስ ላይም ተሞከረ። እዚያም ጥሙን አልቀነሰም።

አንድ ዝርዝር አለ፣ ሰበብ ለሚፈልግ በር የሚዘጋ። በፋይዘርና በብሪስቶል ሙከራዎች ውስጥ ለማወዳደሪያ የገቡት የድሮ መድኃኒቶች፣ ሰርትራሊንና ኤስሲታሎፕራም፣ ባዶ ክኒኑን በልጠዋል። ስለዚህ ሙከራው በደንብ ስላልተሠራ ነው፣ ታማሚዎቹ ትክክለኛ ስላልነበሩ ነው ማለት አይቻልም። መድኃኒት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ሙከራው ያየው ነበር።

ስህተቱ የት ነበር?

ብዙ ማብራሪያ ቀርቧል። ሆልስቦር የያዘው፣ ሲ.አር.ኤፍ የሚበዛባቸው ከታማሚዎቹ የተወሰኑት ብቻ ስለሆኑ፣ እነሱን በምርመራ ለይቶ መስጠት ነበረበት የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ክርክር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የትኛውም የወደቀ መድኃኒት «ለትክክለኛው ሰው ስላልተሰጠ ነው» ሊባልለት ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳምነው ከራሱ ከሙኒክ በ2011 የመጣው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ተቀባዩን ከመላው አካል በመንቀል ፈንታ ከተመረጡ የአንጎል ሕዋሳት ብቻ ነቀሉ። ግሉታሜት በተባለው መልእክተኛ ከሚሠሩ የፊት አንጎል ሕዋሳት ሲነቀል፣ አይጦቹ ደፋር ሆኑ። ዶፓሚን ከሚያመነጩት ሕዋሳት ሲነቀል ግን ፈሪ ሆኑ። ያው ፕሮቲን በአንዱ ሰፈር ፍርሃት ያነዳል፣ በሌላው ፍርሃት ያበርዳል። የሚዋጥ ክኒን ደግሞ ሰፈር አይመርጥም። ቁልፍ ተብሎ የነበረው ነገር ቁልፍ አልነበረም።

ሌላም ነበረ። በ2010 የታተመ ሥራ በወንድና በሴት አይጦች አንጎል ውስጥ ይኸው ተቀባይ የተለያየ ጠባይ እንዳለው አሳይቷል፦ ጫና ሲበዛ በወንዶቹ ሕዋስ ተቀባዩ ወደ ውስጥ ይሸሸጋል፣ በሴቶቹ ግን ውጭ እንደተጋለጠ ይቀራል። የቀደመው ምርመራ አብዛኛው በወንድ አይጥ ላይ የተሠራ ነው። ድባቴ በበለጠ የሚያጠቃው ግን ሴቶችን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስሙ ነው። ገደል ፈርታ የተመለሰች አይጥ አልታመመችም፤ ጭልፊት ባለበት ዓለም ውስጥ ትክክለኛውን አድርጋለች። ምናልባት የታመመችው ያልፈራችው ናት። ውኃ ውስጥ መፍጨርጨር የተወችውም መውጫ እንደሌለ ተምራ ጉልበቷን ቆጥባ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በርካታ ተመራማሪዎች የሚሉት ይህንን ነው፤ ፈተናው ጫናን የመቋቋሚያ ስልት እንጂ ድባቴን አይለካም ይላሉ። በ2024 የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የውኃውን ፈተና በሕግ ከለከለች። ከድባቴ ጋር የኖረ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል፦ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መንቃትን፣ የሚወዱት ምግብ አፈር አፈር ማለቱን፣ «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ» የሚለውን ሐሳብ። ለዚህ በስድስት ደቂቃ የሚቆጠር ባሕርይ አልተገኘም። ሳይንቲስቶቹ ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይደለም፤ በጽሑፎቻቸው ውስጥ «ጭንቀት መሰል»፣ «ድባቴ መሰል» እያሉ በጥንቃቄ ነው የሚጽፉት። «መሰል» የምትለዋ ቃል ግን ከቤተ ሙከራ ወደ ኩባንያ ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ዜና ስትሄድ መንገድ ላይ ትወድቃለች።

የዚህ ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይቆጠርም። በ2010 መጀመሪያ ወራት ግላክሶስሚዝክላይንና አስትራዜኔካ በድባቴ ላይ አዲስ መድኃኒት የመፈለግ ሥራቸውን እንደሚያቆሙ አስታወቁ። የሲ.አር.ኤፍ ውድቀት ብቻውን አላባረራቸውም፤ በእንስሳ ላይ አምረው በሰው ላይ የወደቁ መድኃኒቶች መደራረብ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ታማሚው የሚጠብቀው አዲስ ነገር ራቀ። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ለድባቴ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ሲጽፍ፣ የሚጽፈው ከኩን ዘመን አስተውሎት የተወለደ ሐሳብ ነው፦ የአንጎልን መልእክተኞች ቶሎ እንዳይጠፉ ማድረግ። ለብዙዎች ይሠራል። ለማይሠራላቸው ግን ሲ.አር.ኤፍ ይመጣል ተብሎ ነበር።

የቀረው አይጥ የተናገረችው

ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ኤስኤስአር125543 የሚል ቁጥር የሰጠው አጋጅ ነበረው። በእንስሳት ላይ ሲፈተን ጭንቀትና ድባቴ መሰል ባሕርይን እንደሚቀንስ በ2002 ተጽፎለታል። በድባቴ ታማሚዎች ላይ ተሞከረ፤ እንደ ወንድሞቹ ሁሉ ወደቀ።

ሞለኪዩሉ ግን አልተጣለም። ቬል ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኒውሮክራይን ወሰደውና ክሪንሰርፎንት የሚል ስም ተሰጠው። አሁን የተሞከረው ለሐዘን አይደለም። አድሬናል ዕጢያቸው ከልደት ጀምሮ ኮርቲዞል በበቂ መሥራት የማይችል ሰዎች አሉ። አንጎላቸው ኮርቲዞል ሲያጣ በሲ.አር.ኤፍ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ፒቱታሪ ዕጢውን ይገርፈዋል፣ ዕጢውም የሚችለውን ብቻ፣ ማለትም የወንድነት ሆርሞኖችን፣ አትረፍርፎ ያመርታል። ሴት ልጆች ላይ ከልደት ጀምሮ የአካል ለውጥ ያመጣል፤ ልጆች ያለ ዕድሜያቸው ይጎረምሳሉ፣ ቁመታቸውም አጥሮ ይቀራል። ይህን ለመግታት የሚሰጠው ከፍተኛ የስቴሮይድ መጠን ደግሞ አጥንት ያሳሳል፣ ክብደት ያበዛል። ጩኸቱን ከምንጩ ማገድ ቢቻልስ?

በ2024 የታተሙት ሁለት ሙከራዎች 182 አዋቂዎችንና 103 ልጆችን የያዙ ናቸው። አዋቂዎቹ ላይ ክሪንሰርፎንት የወሰዱት የስቴሮይድ መጠናቸውን በአማካይ 27 በመቶ ያህል መቀነስ ቻሉ፤ ባዶ ክኒን የወሰዱት 10 በመቶ ያህል። ታኅሣሥ 13 ቀን 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን ከአራት ዓመት በላይ ለሆናቸው ታማሚዎች ፈቀደ። ከ1981 ግኝት በኋላ በ43ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ዋይሊ ቬል አላየውም፤ በ2012 መጀመሪያ አርፏል።

የ1998 አይጦች ሁለት ነገር ተናግረው ነበር፦ አንዱ ስለ ድፍረት፣ ሌላው ተቀባዩ ሲጠፋ አድሬናል ዕጢ እንደሚረጋ። ለሃያ ዓመት የተሮጠው በመጀመሪያው ነው። ፋርማሲ የደረሰው ሁለተኛው ነው።